ለቤት አምፕ ካፓሲተር ስትገዙ፦ ያበላሸሁትና ያስተካከልኩት

አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ሰርቼ ከጨረስኩ ገና ዘጠነኛ ቀኔ ነበር፣ ማታ 4 ሰዓት አልፏል፣ ሰፈሩ ፀጥ ብሏል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጌ እየሰማሁ ድንገት ከሳጥኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣና ክፍሉን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ሞላው። ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን ስከፍት ከትልልቆቹ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) አንዱ አናቱ ላይ ያለው መስቀል ተሰንጥቆ ተከፍቷል፣ ውስጡ የነበረው ፈሳሽ ቦርዱ ላይ ተረጭቷል፣ ጎኑ ያለው ደግሞ አናቱ አብጦ ሊፈነዳ ትንሽ ነው የቀረው። እናቴ ከጓዳ "ምንድነው የተቃጠለው ልጄ?" እያለች እየሮጠች መጣች። ያን ማታ ቺፑም ስፒከሩም ተርፈውልኛል፣ ግን ከ5 ደቂቃ በፊት ክዳኑን ከፍቼ አጎንብሼ ሙቀቱን ስነካካ ነበር፣ ያን ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል። ለዛ ነው በዝርዝር የምፅፈው። አምፕ ቤቱ ውስጥ ሊሰራ ያሰበ ሰው ስለ ቺፑና ስለ ስፒከሩ ብዙ ነገር ያገኛል፣ ስለ ካፓሲተር ግን የሚያገኘው ወይ የብራንድ ክርክር ነው ወይ ደግሞ "ያው የተፃፈውን ግዛ" ነው።

የሰራሁት አምፕ ኤልኤም1875 በሚባለው ቺፕ ነው፣ ሁለት ቺፕ፣ አንዱ ለቀኝ አንዱ ለግራ። ይሄ ቺፕ የናሽናል ሴሚኮንዳክተር ነው፣ ከ2011 ወዲህ ደግሞ ካምፓኒው በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ስር ነው። ፕላስ ማይነስ 25 ቮልት ከሰጣችሁት 20 ዋት አካባቢ ያወጣል፣ ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። 5 እግር ብቻ ነው ያለው፣ ዙሪያው የሚገባው ዕቃ ጥቂት ነው፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ትራንስፎርመሬ 18-0-18 ነው፣ ማለትም ከመሃል ሽቦው ወደ ሁለቱም ጎን 18 ቮልት፣ ስፒከሮቹ 8 ኦም።

እና ያ ካፓሲተር ለምን ፈነዳ? መርካቶ ስገዛ ልጁ "ትራንስፎርመርህ ስንት ነው?" አለኝ፣ 18 አልኩት፣ "እንግዲያው 25 ቮልቱ ይበቃሃል" አለኝ፣ እኔም 18 ከ25 ያንሳል ብዬ ተቀበልኩ። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ትራንስፎርመሩ ላይ የተፃፈው 18 የኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) ነው፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ዲሲ፣ የሚቀይረውን ዳዮድ አልፎ ካፓሲተሩ ላይ የሚጠራቀመው ግን የሞገዱ ጫፍ ነው፣ ማለትም 18 ሲባዛ በ1.414፣ 25.4 ቮልት ይመጣል፣ ዳዮዱ ላይ 1 ቮልት የማይሞላ ይቀራል። ይሄ በወረቀት ነው። በተግባር ደግሞ ትራንስፎርመሩ ላይ የተፃፈው 18 ሙሉ ጭነት ተጭኖበት የሚሰጠው ነው፣ አምፑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ወይ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲሰራ ትንንሾቹ ትራንስፎርመሮች 10 ፐርሰንትና ከዛም በላይ ከፍ ይላሉ። እሱ ላይ የኛን ሰፈር መብራት ጨምሩበት፣ ቀን ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ ይወርዳል፣ ማታ ሰው ሲተኛ ይወጣል። በማልቲሜትር ስለካው ቀን 26.4 ቮልት የነበረው ማታ 28.1 ገብቷል። 25 ቮልት የተፃፈበት ካፓሲተር ላይ በየማታው 28 ስጭንበት ነበር ማለት ነው፣ ዘጠኝ ቀን መቆየቱ ራሱ ይገርመኛል።

ከዛ በኋላ የማደርገው እንዲህ ነው። ትራንስፎርመሩንና ብሪጁን (አራቱን ዳዮድ) ብቻ አገናኝቼ፣ ምንም ጭነት ሳይኖርበት፣ በርግጠኝነት የሚበልጥ ቮልት ያለው ካፓሲተር ለጊዜው አስገብቼ፣ ማታ መሸት ሲል እለካለሁ። ያገኘሁት ላይ ሩብ እጨምራለሁ። 28 ከሆነ 35 ማለት ነው፣ ገበያ ላይም 35 አለ። 24-0-24 ትራንስፎርመር ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤልኤም3886 በሚባለው ቺፕ ለሚሰራ ሰው፣ በወረቀት 34 ይመጣል፣ ያለ ጭነት 37 እና 38 ይገባል፣ ስለዚ 35 ቮልት ፈፅሞ አይሆንም፣ 50 ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ይፈራል፣ 35 በሚለው ቦታ 50 ወይ 63 ቢገባ ይበላሻል ይላል። አይበላሽም፣ ሳጥኑ ውስጥ እስከገባና እግሩ ቦርዱ ላይ እስከደረሰ ድረስ ምንም ችግር የለውም፣ ወፍራም ይሆናል ዋጋው ይጨምራል እንጂ።

ሌላው ሰው በብዛት የሚሳሳትበት፣ የኔ ጓደኛም የተሳሳተበት፣ ፕላስ ማይነስ ባለው ሰፕላይ (ለቺፑ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ላይ የማይነሱ በኩል ያለው ካፓሲተር አቀማመጥ ነው። ካፓሲተሩ ጎን ላይ ያለው ነጭ መስመር ነጌቲቩን እግር ያሳያል። በፕላሱ በኩል ነጌቲቩ እግር ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመሩን) ይነካል፣ እሺ። በማይነሱ በኩል ግን ግራውንዱ ነው ከፍ ያለው፣ ስለዚ ፖዘቲቩ እግር ነው ግራውንድ የሚነካው፣ ነጭ መስመር ያለበት እግር ደግሞ ማይነስ 25ቱ ላይ ነው የሚሄደው። ሁለቱንም በአንድ አቅጣጫ ደርድሮ የሰካ ሰው አንዱን ገልብጦታል፣ የተገለበጠ ኤሌክትሮሊቲክ (እንደዚህ ፕላስና ማይነስ እግር ያለው ካፓሲተር) ደግሞ ቶሎ ይሞቃል ከዛም ይፈነዳል። ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አንድ በአንድ እዩ፣ እኔ ሁሌ ሁለት ጊዜ ነው የማየው፣ አንዴ ከበየድኩ በኋላ፣ አንዴ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት።

ከፈነዳው በኋላ 35 ቮልት 10000 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር የመያዝ አቅም መለኪያ ነው) የሚል ገዛሁ፣ ላዩ ላይ የታወቀ የጃፓን ብራንድ ስም አለበት፣ ዋጋው ደስ ይል ነበር። አስገባሁት፣ አልፈነዳም፣ ግን ቤዝ የበዛበት ዘፈን ድምፁን ከፍ ሳደርግ ከበሮው በመጣ ቁጥር ድምፁ ይጎረብጣል፣ እንደተቀደደ ወረቀት። ሰፈራችን ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ፣ በፊት ጊዜ የቫልቭ ሬዲዮ ሲሰሩ የነበሩ፣ ለሳቸው ካፓሲተር እስካሁን ኮንደንሰር ነው። ወሰድኩላቸው። ሳይለኩ እጃቸው ላይ ብቻ አድርገው "ይሄ ባዶ ነው፣ ክብደቱን እየው" አሉኝ። እውነትም ስንለካው 3100 ማይክሮፋራድ ነው የወጣው፣ ከሦስት አንዱ ማለት ነው። ሌላኛውን በመጋዝ ስንቆርጠው ትልቁ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ትንሽ ካፓሲተር ተቀምጧል፣ ዙሪያው ባዶ። ይሄ በዓለም ላይ ሁሉ የታወቀ ማጭበርበር ነው፣ የሚሸጠው ልጅም አያውቅም ይሆናል፣ እሱም ከሌላ ነው የሚያመጣው። ከዛ ወዲህ ሱቅ ስሄድ ማልቲሜትሬን ይዤ ነው፣ ግን ስትገዙ ማልቲሜትራችሁ ካፓሲተር እስከ ስንት እንደሚለካ እዩ፣ ርካሾቹ ብዙዎቹ 200 ማይክሮ ላይ ይቆማሉ። እኔ ኤልሲአር-ቲ4 የምትባለዋን ትንሽ ተስተር ነው የምጠቀመው፣ የካፓሲተሩን ማይክሮፋራድ ብቻ ሳይሆን የውስጥ ሬዚስታንሱንም፣ ኢኤስአር የሚሉትን፣ ታሳያለች። ትልልቅ የሰፕላይ ካፓሲተር ላይ ከ0.1 ኦም በታች ካሳየች ደህና ነው፣ 1 ኦም ምናምን ካለች አትግዙት።

ሱቅ ውስጥ ሳትለኩም የምታዩት ነገር አለ። ክብደት አንዱ ነው። እግሩ ሌላው ነው፣ አዲስ ካፓሲተር እግሩ ረጅምና የሚያበራ ነው፣ ፖዘቲቩ ከነጌቲቩ ይረዝማል፣ እግሩ አጭርና እኩል የተቆረጠ ከሆነ ወይ ሶልደር ነክቶት ከሆነ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ነው። ፅሁፉን በአውራ ጣታችሁ አሸት አሸት አድርጉት፣ የሚለቅ ከሆነ ተውት። እና ደግሞ ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን ሁለት ካፓሲተሮች አስተያዩ፣ ያው 10000 በ35 ሆነው አንዱ ከሌላው በግማሽ ካነሰ አንዱ እየዋሸ ነው።

አሁን ወደ ማይክሮፋራዱ ልግባ፣ ምክንያቱም ይሄኛው ላይ እኔም የተሳሳተ ሀሳብ ነበረኝ። የሰፕላይ ካፓሲተር ስራው ውሃ እንደሚጠፋበት ሰፈር በርሜል ነው፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በብሪጅ በኩል በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል፣ በመሃሉ ባሉት 10 ሚሊሰከንዶች ቺፑ የሚጠጣው ከካፓሲተሩ ነው። ምን ያህል ይወርዳል የሚለውን በግምት ለማወቅ አምፔሩን በ0.01 አባዝታችሁ ለፋራዱ ማካፈል ነው። ሁለቱም ቻናል 20 ዋት 8 ኦም ላይ ሲያወጡ ከአንዱ ሰፕላይ በአማካይ 1.4 አምፔር አካባቢ ይወሰዳል። 10000 ማይክሮ ከሆነ 1.4 ቮልት ይወርዳል፣ 4700 ከሆነ 3፣ የኔ ውሸታም 3100 ደግሞ 4.5 ቮልት። ትክክለኛው ከዚህ ትንሽ ያንሳል፣ ግን ለመምረጥ ይበቃል። 4.5 ቮልት ሲወርድ ከበሮው የሚፈልገው ቮልት የለም፣ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ያ ነው የጎረበጠኝ።

ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ድምፁ ከፍ ሲል ነው። ድምፁን ጨርሳችሁ ዘግታችሁ እምምም የሚል ከሰማችሁ ካፓሲተር በመጨመር አይጠፋም። እኔ ጨምሬ ጨምሬ አይቼዋለሁ። ቺፑ ራሱ የሰፕላዩን ንዝረት በደንብ ያጣራል። እምምምታው የመጣው ከግራውንድ ሽቦዬ ነበር፣ ከብሪጁ ወደ ካፓሲተሩ የሚሄደው የመሙያ ከረንት ኃይለኛ ነው፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ነው የሚመታው፣ እና የኢንፑቱ ግራውንድ ከዛው ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ያንን ምት ቺፑ እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ ያጎላዋል። የትራንስፎርመሩን መሃል ሽቦ ወደ ሁለቱ ካፓሲተሮች መገናኛ ወስጄ፣ ከዛ መገናኛ ደግሞ በአንድ ሌላ አጭር ሽቦ ወደ አንድ ነጥብ አውጥቼ፣ የስፒከሩን የኢንፑቱን ሁሉንም ግራውንድ እዛ ነጥብ ላይ ሳስር ጠፋ። በቃ ፀጥ። ለሁለት ሳምንት ካፓሲተር ስቀያይር የከረምኩት ነገር በአንድ ክንድ ሽቦ ተስተካከለ።

እና ደግሞ በጣም ማብዛትም ችግር አለው። አንድ ጊዜ በየጎኑ 22000 ሁለት ሁለት አድርጌ ነበር፣ ባበራሁት ቁጥር ፊውዙ ይበጠሳል። ባዶ ካፓሲተርን ሰፕላዩ መጀመሪያ ሲበራ እንደ ሾርት ነው የሚያየው፣ ብሪጁም ይጎዳል። ለ20 ዋት ስቴሪዮ በየጎኑ 10000 ይበቃል፣ ፊውዙ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚበጠሰው ዓይነት፣ ቲ የሚል የላቲን ፊደል ያለበት ይሁን።

ሙቀት። ካፓሲተሩ ላይ 85 ወይ 105 ዲግሪ ይላል፣ ጎኑ ወይ መግለጫው ላይ ደግሞ 2000 ሰዓት ምናምን አለ። ሰው 2000 ሰዓት ሲባል ይደነግጣል፣ ግን ይሄ በተፃፈው ዲግሪ ላይ ነው፣ በየ10 ዲግሪው ዝቅታ ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። ሳጥናችሁ ውስጥ 65 ዲግሪ ቢሆን የ85ቱ 8000 ሰዓት ይሰጣል፣ የ105ቱ 32000። በቀን 4 ሰዓት ለሚሰማ ሰው አንዱ 5 ዓመት ተኩል፣ ሌላው 20 ዓመት አለፈ ማለት ነው። የዋጋ ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሁሌ 105ቱን። እና ከሂት ሲንኩ (የቺፑን ሙቀት ከሚያስወጣው ብረት) አርቁት እባካችሁ፣ የኔ መጀመሪያ ሂት ሲንኩን ነክቶ ነበር የቆመው።

ሰፕላዩ እዚህ ያብቃ። ጋሼ አንድ ቀን የነገሩኝ ነገር አለ፣ "ኮንደንሰር ስጠኝ ከማለትህ በፊት የት እንደምታስገባው ንገረኝ" አሉኝ። ከዛ በኋላ ዕቃ የምመርጥበት መንገድ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ፣ ምክንያቱም አንድ አምፕ ውስጥ ካፓሲተር አራት አምስት የተለያየ ስራ ይሰራል፣ አንዱ ቦታ ጥሩ የሆነው ሌላው ቦታ አይረባም።

ኢንፑቱ ላይ ያለው ካፓሲተር ስራው ዲሲ ማገድ ነው፣ ከስልኩ ወይ ከሲዲው የሚመጣ ዲሲ ካለ ቺፑ እንዳያጎላው። ግን ከኋላው ካለው ሬዚስተር ጋር ሆኖ የቤዝ በር ነው፣ ከበሩ በታች ያለው ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል። የኔ ሬዚስተር 22 ኪሎ ኦም ነው። 1 ማይክሮ ሳስገባ በሩ 7 ኸርዝ ላይ ነው፣ ጆሮ ከማይሰማው በታች ማለት ነው፣ ሁሉም ያልፋል። እኔ ግን መጀመሪያ ቁጥሩን ተሳስቼ 104 የሚል አስገባሁ፣ መሆን የነበረበት 105 ነው። አነባበቡ እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ፣ ሦስተኛው የዜሮ ብዛት፣ መለኪያው ፒኮፋራድ። 104 ማለት 10 ላይ 4 ዜሮ፣ 100000 ፒኮ፣ 0.1 ማይክሮ። 105 ደግሞ 1 ማይክሮ። 224 ካለ 0.22። በ0.1 በሩ 72 ኸርዝ ላይ ይወጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ገመድ 41 ኸርዝ ነው፣ እዛ ጋ ድምፁ በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ስፒከሩ ነው ብዬ ሳጥን ልቀይርለት ነበር፣ ከበሮው ደርቆ፣ ቤዙ ቀጥኖ፣ ሙዚቃው ሁሉ ከስልክ የሚወጣ ይመስል ነበር። 105 ስተካው በዛው ስፒከር በዛው ዘፈን ሌላ ነገር ሆነ። ስለዚ አምፓችሁ ቤዝ ካነሰው ስፒከር ከመቀየራችሁ በፊት ይቺን ትንሽ ዕቃ እዩ።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ እዚህ ቦታ ፊልም ካፓሲተር (በስስ ፕላስቲክ የተሰራው) ነው የምመክረው፣ ፖሊስተር ይሁን ፖሊፕሮፒሊን። ሴራሚክ ግን አይሁን፣ በተለይ ትንሽ ሆኖ ብዙ ማይክሮ የሚይዘው ዓይነት። ይሄ ሴራሚክ ላዩ ላይ ያለው ቮልት ሲቀየር የራሱ ማይክሮፋራድ ይቀየራል፣ ሙዚቃ ደግሞ የሚቀያየር ቮልት ነው፣ ስለዚ ድምፁን ያዛባል። ንዝረትም ይሰማል፣ እኔ የማይክ ፕሪአምፕ ላይ አስገብቼው በእርሳስ ጫፍ መታ መታ ሳደርገው ድምፁ በስፒከሩ ሲወጣ ሰምቻለሁ። ሲ0ጂ ወይ ኤንፒ0 የሚባለው የሴራሚክ ዓይነት ይሄ ችግር የለበትም፣ ግን በትንንሽ ማይክሮፋራድ ነው የሚገኘው።

ፖሊስተር ነው ወይስ ፖሊፕሮፒሊን የሚለው ላይ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው። ከውጭ የመጣ ዘመዳችን የጀርመኖቹን ዊማ ፖሊፕሮፒሊን አምጥቶልኝ ነበር፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ያው የሚያምር ዕቃ ነው። አንዱ ቻናል ላይ እሱን፣ ሌላው ላይ ከመርካቶ የገዛሁትን ተራ ፖሊስተር አስገብቼ፣ ሞኖ ዘፈን ከፍቼ፣ እህቴ ሳላይ ስፒከሩን እያቀያየረች 20 ጊዜ ጠየቀችኝ። 11 ጊዜ አገኘሁት። ይሄ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። ስለዚ እኔ በጆሮዬ መለየት አልቻልኩም፣ እውነቱ ይሄ ነው። የተለየ የሚሰማው ሰው ካለ ሰው እያቀያየረለት ሳያይ ይሞክረው፣ ከዛ ገንዘቡን ያውጣ። ባይሆን ያንን ገንዘብ ትክክለኛ የሰፕላይ ካፓሲተር ላይ አውሉት፣ እዛ ልዩነቱ ቀን በቀን የሚታይ ነው።

ፊድባኩ (ከአውትፑቱ ወደ ቺፑ የሚመለሰው መስመር) ላይ ያለው፣ ከ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ተከታትሎ ወደ ግራውንድ የሚሄደው፣ መግለጫው ላይ 22 ማይክሮ ነው። ይሄም የቤዝ በር ነው፣ እሱም 7 ኸርዝ። ሁለቱ በሮች አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ እኔ ይሄኛውን 47 አድርጌዋለሁ። ኤሌክትሮሊቲክ ድምፅ የሚያዛባው ላዩ ላይ የሙዚቃው ቮልት ሲያርፍ ነው፣ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ላዩ ላይ የሚያርፈው ያንሳል፣ ስለዚ እዚህ ቦታ ውድ ከመግዛት ከፍ ያለ ማይክሮ መግዛት ይሻላል። ፖላሪቲ የሌለው፣ ባይፖላር የሚባለው ካገኛችሁ እሱ ጥሩ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ቺፕ የሚያቃጥልበት። ስሰራ የሰፕላይ ካፓሲተሮቹ ትልልቅ ስለሆኑ ከቺፑ ጎን ያሉት ትንንሾቹ 0.1 ማይክሮዎች ምን ያደርጋሉ ብዬ ከቦርዱ ሌላ ጫፍ ላይ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ምንም ሙዚቃ ሳይኖር ሂት ሲንኩ እጅ አያስነካም። ምክንያቱ ቺፑ ጆሮ በማይሰማው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ራሱን በራሱ እያንቀጠቀጠ ነበር፣ ኦሲሌሽን የሚሉት። ትልቁ ካፓሲተር ከረጅም ሽቦው ጋር ለዚህ ፈጣን ነገር አይደርስም፣ ሩቅ ነው። 0.1 ማይክሮዎቹን ነቅዬ የቺፑ የሰፕላይ እግሮች ስር፣ ጥፍር በማያስገባ ርቀት፣ ከቦርዱ ስር በየድኳቸው፣ ጎናቸው ላይ ደግሞ 100 ማይክሮ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሂት ሲንኩ ለብ ያለ ብቻ ሆነ። እዚህ ቦታ ሴራሚክ ጥሩ ነው፣ እላይ አይሁን ያልኩት እዚህ ይፈለጋል፣ የጋሼ ጥያቄ የገባኝ ያኔ ነው። አውትፑቱ ላይ ያለውን 1 ኦም ከ0.22 ማይክሮ ጋርም እንዳትተውት፣ እሱም ስራው ይሄንኑ መንቀጥቀጥ መከላከል ነው፣ ፊልም ይሁን።

በ12 ቮልት አዳፕተር ወይ በመኪና ባትሪ ቲዲኤ2030 የሚባለውን ቺፕ ለምትሰሩ፣ ሰፕላያችሁ ነጠላ ስለሆነ አውትፑቱ ላይ ትልቅ ካፓሲተር ይገባል፣ ወደ ስፒከሩ ዲሲ እንዳይሄድ። 4 ኦም ስፒከር ከሆነ 1000 ማይክሮ ቤዙን 40 ኸርዝ ላይ ይቆርጠዋል፣ 2200 ወደ 18 ያወርደዋል። 2200 አድርጉት።

መብራቱ ላይ፣ ማለትም 220ው ላይ፣ ካፓሲተር የምትጨምሩ ካላችሁ ኤክስ2 የሚል የተፃፈበት፣ 275 ቮልት ኤሲ የሚል ብቻ ነው የሚገባው። 400 ቮልት ዲሲ የሚለው ይበልጣል ብሎ ያስገባ ሰው አውቃለሁ፣ ካፓሲተሩ ጠቁሮ የሳጥኑን ፕላስቲክ አቅልጦት ነው የተገኘው፣ ቤቱ ሰው ስለነበር ነው የተረፈው። ኤክስ2 ሲበላሽ እሳት እንዳያስነሳ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ሌላው እንደዛ አይደለም። ካላገኛችሁ ጭራሽ ባታስገቡ ይሻላል።

ሱቅ መደርደሪያ ላይ ለዓመታት የቆየ ካፓሲተርም ይገጥማችኋል። ውስጡ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ቮልት ሳያገኝ ሲቆይ ይሳሳል፣ በአንዴ ሙሉ ቮልት ከሰጣችሁት ይሞቃል። እኔ በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል በሚሰራበት ቮልት ላይ አስሬ ቢያንስ 10 ደቂቃ እተወዋለሁ፣ ከዛ ሬዚስተሩ ጫፍና ጫፍ ላይ ያለውን ቮልት እለካለሁ። 1 ሚሊቮልት ማለት ካፓሲተሩ 1 ማይክሮአምፔር ያፈስሳል ማለት ነው። ደህናዎቹ 40፣ 50 ሚሊቮልት ላይ ወርደው መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። አንድ አሮጌ 1.5 ቮልት ላይ ቆሞ አልወርድም አለኝ፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩት፣ ያው ነው፣ ጣልኩት።

መጨረሻ ላይ ከማብራታችሁ በፊት። 100 ዋት የድሮውን ክር ያለው አምፖል ከመብራቱ ሽቦ ጋር ተከታታይ አድርጋችሁ አብሩ፣ ጤናማ ከሆነ አምፖሉ አንዴ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል፣ ካፓሲተሮቹ ሞሉ ማለት ነው፣ ቦግ እንዳለ ከቀረ ወዲያው አጥፉ። ካጠፋችሁ በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ያለው አይጠፋም፣ በ100 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር አራግፉት፣ በጠመንጃ መፍቻ አጋጭቶ ማራገፍ ብልጭታው የካፓሲተሩን እግር ይበላል፣ የቫልቭ አምፕ ከሆነ ደግሞ ውስጡ 300 እና 400 ቮልት ስላለ ሰው ይገድላል። እኔ ለዘለቄታው በየካፓሲተሩ ላይ 2.2 ኪሎ ኦም 1 ዋት አስሬበታለሁ፣ ባጠፋሁት በ2 ደቂቃ ውስጥ ራሱ ይራገፋል። አሮጌ አምፕ ከፍታችሁ የምትሰሩ ከሆነ ግን እንደዚህ ያለ ሬዚስተር አለበት ብላችሁ አትመኑ፣ ለኩት።

ስፒከሩን ከማገናኘታችሁ በፊት አውትፑቱ ላይ ያለውን ዲሲ ለኩ። ከ100 ሚሊቮልት በላይ ከሆነ አታገናኙ፣ ወይ የፊድባኩ ካፓሲተር ሾርት አድርጓል ወይ አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። የኔ አዲሶቹ 10000ዎች በገቡበት ቀን፣ እሁድ ከሰዓት ነበር፣ ቤት ቡና ተፈልቷል፣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ፣ ሰፕላዩ ፕላስ 26.3፣ ማይነስ 26.4። አውትፑቱ ግራው 9፣ ቀኙ 14 ሚሊቮልት። ስፒከሮቹን አገናኘሁ፣ እናቴም "ደግሞ እንዳይፈነዳ" አለችና ስኒዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች።